የአገርነሽ ስሪት

መሐል ሜዳ ከተማ ሰው ጠዋት ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» ካለ በኋላ «ስሪትህስ ደህና ነው?» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ድሮ የሚጠየቀው ስለ ጤና፣ ስለ ከብትና ስለ ዝናብ ነበር። አሁን ግን ስሪቱ ደህና ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። ስሪቱ ከጎደለ ደግሞ ጤናህን ለራስህ ያዘው፣ ማንም አይፈልገውም።

የናደው ሽፈራው ባና ቤት በር ላይም እንደ ሌላው ሁሉ ሰሌዳ አለ። ሠራተኛው እጁን ያሳርፍበታል፣ ሰሌዳው ያነበዋል፣ በሩ ይከፈታል። ከበግ ጸጉር የሚሠራው የመንዝ ባና፣ ያ ወፍራሙ ብርድ ልብስ፣ ባሕር ማዶ ያለ ቀረጥ የሚገባው የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ሲኖረው ብቻ ነው። ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ በጉም፣ በጉ የበላው ሣርም፣ ጸጉሩን የፈተለችውም፣ የሸመነውም የዚሁ አገር ስሪት መሆን አለባቸው። ስለዚህ በሩ ዘመድ አያውቅም። ባለፈው ጥር ሸማኔው ዘርጋው ደብረ ብርሃን ሠርግ ሄዶ የውጭ ፓስታ በልቶ መጣና ሰሌዳው አላስገባም አለው። ከሆዱ እስኪወጣለት ቤቱ ተቀመጠ።

«ምን ነካህ ዘርጋው፣ ሽሮ ጠፍቶ ነው?» አሉት።

«ሙሽራው ናቀኝ እንዳይል ብዬ ነዋ፣» አለ። ሰው ሳቀ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። የቀረባቸው ቀናት ግን ከደመወዙ ላይ ተቆረጡ።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም ይላሉ አዋቂዎች። ከባሕር ማዶ አገሮች ጋር ያለው የንግድ ስምምነት መጀመሪያ ሲፈረም «በአገሩ ተወልዶ ያደገ እንስሳ» የሚል ቃል ነበረበት። ስለ በግ ነው። በጉ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ካደገ ጸጉሩም የዚህ አገር ነው፤ ይሄን ማን ይጠላል? ኋላ ስምምነቱ ሲታደስ «እንስሳ» የሚለውን አወጡና «በምርቱ ላይ የተሳተፈ ሕይወት ያለው ሁሉ» የሚል አስገቡ። ያን ቀን ዜናው «ለአገሬው ሠራተኛ ታላቅ ድል» ብሎ አወጀ፣ ሕዝቡም እልል አለ። ከበግ ጋር አንድ አንቀጽ ውስጥ መግባቱ የገባው ቆይቶ ነው።

ናደው እልል ካሉት አንዱ ነበር። ስሪቱ ሙሉ፣ እናቱ ሙሉ፣ በጎቹ ሙሉ፣ ምን ቸገረው። ከሠራተኞቹ ሁሉ የሚመካው ደግሞ በእህቱ በአገርነሽ ነበር። እሷ የፈተለችው ድር ሲነኩት ለስላሳ፣ ሲጎትቱት ግትር ነው። ገዢዎቹ «ያቺ ሴትዮ የፈተለችው ይሁን» ብለው እስከ ማዘዝ ደርሰዋል። ከቤቱ የሚወጣ ባና ሁሉ ቢያንስ ጠርዙ በእሷ ድር ካልተዘጋ ናደው አያሽገውም።

አጥንት ከተቆጠረ አገርነሽ እህቱ አይደለችም። እናቷ ብርቄ ጎረቤታቸው ነበረች። ዓረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ፣ ታማ ሕፃን ታቅፋ ተመለሰችና ብዙም ሳትቆይ ሞተች። የናደው እናት ወይዘሮ ይታይሽ ከለቅሶው ላይ ሕፃኗን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። አገርነሽ ብላ ስም አወጣችላት፣ በባሏ በሽፈራው ስም አስጠራቻት፣ የጡት ልጄ ናት አለች። ለመሐል ሜዳ ነገሩ በዚያ አበቃ፣ ከዚያ ወዲያ የማን ልጅ ናት ብሎ የጠየቀ የለም። ናደውም ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር፤ የጡት እህቱ ናት ሲሉት እህቱ ሆነች።

ዘንድሮ በስምምነቱ ያሉ አገሮች የልደት መዝገባቸውን ተለዋወጡ። ዜናው ይሄንንም ድል ነው አለው። በማግስቱ ጠዋት አገርነሽ እንደ ወትሮዋ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እንዝርቷን ይዛ መጣች። እጇን ሰሌዳው ላይ ብታሳርፍ በሩ ዝም አለ። ነጭ ፊደል ወጣበት፦ ከውጭ የገባ።

«ናዴ፣ ይሄ ነገር ምን እያለኝ ነው?» አለች።

«ተሳስቶ ነው። እጅሽን ጠረግ አድርጊና ድገሚው።»

በቀሚሷ ጠርጋ ደገመችው። ያው ነው። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች መሬት መሬት አዩ። «ግቡ፣ ግቡ፣ አታርፍዱ፣» አለቻቸውና ከበሩ ወዲህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መፍተል ጀመረች። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አታውቅበትም። ውጭ የተፈተለ ድር ግን በዚያ በር አይገባም፤ ቀኑን ሙሉ የፈተለችውን ማታ ይዛው ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ከስሪት ቤት መልእክት መጣ። ስሪት ቤት ማለት ደብረ ብርሃን ያለው ምስክር ወረቀት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው፣ ሙሉ ስሙን የሚጠራው የለም። መልእክቱ አጭር ነበር። ለክረምት ገበያ የታሸገው ባና ሁሉ ከውጭ የገባ ግብዓት ስላለበት ታግዷል፤ መኪናው በሚነሳበት ቀን ጉዳዩ ካልተፈታ ወረቀቱ ይቀራል፣ ቤቱም ከላኪዎች መዝገብ ይወጣል። ከመዝገብ የወጣ ቤት ተመልሶ ሲገባ ያየ የለም። ናደው አንብቦ ወደ ውስጥ ሲመለከት ዘርጋው ከሽመና ጉድጓዱ አንገቱን አውጥቶ ያየዋል፣ ሴቶቹም ያዩታል። ሁሉም በዚያ ቤት ሥራ ነው የሚያድሩት፤ ሌላ ሥራ በመሐል ሜዳ የለም።

ናደው ስሪት ቤት ሲሄድ የተቀበለችው ኖላዊት የምትባል ልጅ ናት። ትሑት፣ ድምፀ ለስላሳ፣ እናት አባቷን የሚያስመሰግን ልጅ ናት።

«ይቀመጡ አባቴ። ሻይ ይምጣልዎ? የዚሁ አገር ነው፣ አይፍሩ።» ከፊቷ ያለውን አነበበች። «አገርነሽ ሽፈራው። በሕፃንነቷ ከውጭ የገባች። እንግዲህ ከውጭ የገባ ግብዓት እዚህ በበቂ ሁኔታ ከተለወጠ የአገር ስሪት ይሆናል። አይጨነቁ፣ መንገድ አለው። ምን ተደረገላት?»

«ምን ተደረገላት ማለት? አደገች ነዋ።»

«በዝርዝር ይንገሩኝ።»

ናደው ተቸገረ። ሰው እንዴት እንደሚያድግ በዝርዝር ተጠይቆ አያውቅም። «እናቴ አጠበቻት። አለበሰቻት። በጀርባዋ አዘለቻት። ክርስትና አስነሳቻት፣ ስም አወጣችላት። ስትታመም ጠበል ወሰደቻት…»

«ማጠብ፣» አለች ኖላዊት በጣቷ እየቆጠረች፣ «መጠቅለል፣ ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ፣ ስም መለጠፍ፣ እንዳይበላሽ ማቆየት። እነዚህ ቀላል ክንውኖች ይባላሉ። ስሪት አያሰጡም። ከውጭ ስንዴ አምጥተው፣ አጥበው፣ በእኛ ከረጢት ቢያደርጉት የእኛ ስንዴ ይሆናል?»

«ልጅ እኮ ናት።»

«ይገባኛል አባቴ። እኔም ልጅ አለኝ።»

ናደው ሻዩን ጠጣ። ተበሳጭቷል፣ ግን በዚች ልጅ ላይ እንዴት ይጮኻል? «የጡት እህቴ ናት፣» አለ በመጨረሻ። «እናቴ አጥብታታለች። በዓይኔ አይቻለሁ።»

የኖላዊት ፊት በራ። «ምነው ይሄን ቀድመው ቢነግሩኝ! ጡት አጥብተዋታል? ወተት እኮ ግብዓት ነው። እናትዎ ስሪታቸው ሙሉ ነው፣ ወተታቸውም ሙሉ ነው። በዚያ ወተት ካደገች ተለውጣለች ማለት ነው። በሉ እጅዎን እዚህ ያሳርፉና ቃልዎን ይስጡ።»

አሳረፈና ሰጠ። «የእናቴን ጡት ጠብታ ነው ያደገችው» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ ተመዘገበ። ኖላዊት ሐኪም መጥቶ ከእናቱም ከአገርነሽም ትንሽ ደም እንደሚወስድ፣ ወተቱም እስከ ዛሬ አጥንት ውስጥ መኖሩ በደሙ እንደሚታይ አስረዳችው። ናደው እየሳቀ ወጣ። መንገድ ላይ ለእናቱ ብርቱካን ገዛላት።

እናቱ ወይዘሮ ይታይሽ ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች። አርጅታለች፣ ጆሮዋና ምላሷ ግን እንዳሉ ናቸው። አገርነሽ አጠገቧ ተቀምጣ ጸጉር ትባዝታለች። ናደው ሁሉንም ነገራቸው። በጡቷ ነገሩ እንደተፈታ፣ ሐኪሙ እንደሚመጣ፣ አገርነሽ ከፊታችን ሰኞ ሥራ እንደምትገባ።

«የቱን ወተት?» አለች እናቱ።

«ያጠባሻትን ነዋ እማዬ። ሰው ተሰብስቦ፣ እሷን አቅፈሽ፣ ጡትሽን ይዛ… እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር።»

አሮጊቷ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የልጇን ፊት አየችና ሳቋን ተወችው። «አንተ ልጅ፣ ያ እኮ ማር ነው። ጡቴን ማር ቀብቼ ሽማግሌ ፊት አጠባኋት፣ ‘ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽ ናት’ አሉኝ፣ መረቁን፣ በልተው ጠጥተው ሄዱ። ወጉ ነው። ወተትማ ከየት ይመጣል? ጡቴ አንተ ስትተው ነው የደረቀው።»

«የጡት ልጅ ስትሉኝ…»

«የጡት ልጅ ናት ታዲያ! አጎትህ በላቸው ጢም አውጥቶ፣ ሚስት አግብቶ ነው የአለቃ ደስታ የጡት ልጅ የሆነው። እሱም ወተት ጠጣ ልትል ነው?»

ናደው ብርቱካኑን እንደያዘ ተቀመጠ። አገርነሽ መባዘቷን አቁማ ነበር። «እማዬ፣ ታዲያ እኔ ምን በልቼ ነው ያደግኩት?» አለች።

«የቆርቆሮ ወተት። በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ነበር። አባትሽ በግ እየሸጠ ይገዛልሽ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ሆዳም ነበርሽ።»

ከግቢው ተሸጠው የወጡት እነዚያ በጎች፣ ስሪታቸው ሙሉ የሆነው የመንዝ በጎች፣ የውጭ ወተት ሆነው አጥንቷ ውስጥ ገብተዋል። ሽፈራው ነፍሱን ይማርና ይሄን ሲያደርግ ልጅ የሚያሳድግ መስሎት ነበር።

«ልዋሽልህ ናደው፣» አለች እናቱ። «ለልጄ መዋሸት አይከብደኝም። ‘አጥብቻለሁ’ ብዬ በመስቀል እምላለሁ፣ ንስሐውን እኔ እገባበታለሁ። አጥንቴ ግን አልታዘዝ ካለኝ ምን ላድርግ?»

«እኔ ልቅር፣» አለች አገርነሽ። «ናዴ፣ እኔ ብቀርስ ወረቀቱን ይሰጡሃል?»

«የታሸገው ላይ ያንቺ ድር አለበት። በእያንዳንዱ ላይ።»

«ፈትቼ አወጣዋለሁዋ።»

«ጠርዙን ፈትተሽ ባናው ምን ይሆናል?»

ሁለቱም ያውቃሉ፣ የባና ጠርዝ ከተፈታ ባናው ይተረተራል።

ናደው በማግስቱ ስሪት ቤት ተመለሰ። ስለ ማሩ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ጢም አውጥቶ የጡት ልጅ ስለሆነው አጎቱ ለኖላዊት አስረዳት። ልጅቷ በደንብ ሰማችው፣ አላቋረጠችውም።

«ቆንጆ ባህል ነው፣» አለች። «አያቴም የጡት ልጅ ነበራቸው። ማር ግን አባቴ በሌላ የቀረጥ ቁጥር ነው የሚገባው፣ ከወተት ጋር አይያያዝም። አሁን የተመዘገበው ቃልዎ ደግሞ ሐሰተኛ ቃል ሊባል ነው። ለዚህ ደግሞ ቅጣቱ…»

«አውቄ አይደለም።»

«አውቀው እንዳልሆነማ ይታየኛል።» እውነትም አዝና ነበር። ወንበሯን ወደ እሱ ጠጋ አደረገች። «ሐኪሙ ሳይመጣ ቃልዎን ማንሳት ይችላሉ። አንድ መንገድ አለ፣ ሰውም እየተጠቀመበት ነው። ለምርት የሚያገለግል መሣሪያ፣ ማገዶ፣ መብራት፣ ስሪቱ አይጠየቅም። እንዝርትዎ ከየት እንደመጣ ጠይቄዎት አላውቅም፣ አይደል?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«አገርነሽ በዚያ ትግባ። የታሸገውም ይለቀቃል።»

ናደው ወዲያው አልገባውም፣ ወይም እንዲገባው አልፈለገም። «እንደ እንዝርቱ?»

«እንደ እንዝርቱ። በዕቃ በር ነው የምትገባው፣ እጇን ማሳረፍም አያስፈልጋትም። ለመሣሪያ ደመወዝ አይከፈልም እርግጥ። የጥገና ወጪ ግን ይፈቀዳል፤ ቀለቧንና ልብሷን በዚያ መያዝ ይችላሉ። ባለቤት የሚለው ላይ እርስዎ ነዎት።»

«እሷን አልጠይቃትም?»

«መሣሪያ አይጠየቅም አባቴ፣» አለች ኖላዊት በቀስታ። «የእርስዎ ፈቃድ ይበቃል።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ናደው ዘርጋውን አሰበ፣ ሴቶቹን አሰበ፣ የሚነሳውን መኪና አሰበ። ደግሞም ወረቀት ነው አለ በልቡ፣ ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ቤት ስገባ እህቴ እህቴ ናት። አባቶቻችን ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ ነበር። እሱም ያውቀዋል ተረቱን፣ ለሰው ሲተርተው ኖሯል። እጁን አሳረፈ። ምስክር ወረቀቱ እዚያው ወጣ፦ ባናው ሙሉ በሙሉ የአገር ስሪት።

ቤት ሲደርስ እናቱም አገርነሽም በሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ወረቀቱን አሳያቸው፣ መኪናው እንደሚነሳ ነገራቸው፣ የቀረውን ሊሸፋፍነው ሞከረ። አገርነሽ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሊዋሻት ሲሞክር ትይዘዋለች።

«እኔን ምን ብለህ አስገባኸኝ?» አለች።

«ወረቀት እኮ ነው አገሬ። ለወረቀት ያህል…»

«ምን ብለህ ናዴ?»

ነገራት። መሣሪያ የምትለዋን ቃል በጣም ቀስ ብሎ አላት፣ ቀስ ሲል የምታንስ መስሎት። እናቱ በትሯን እየፈለገች ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«እኔስ?» አለች አሮጊቷ። «እኔስ ምን ልባል ነው ከዛሬ ወዲያ? የእንዝርት እናት?»

«እማዬ፣ ያ ሁሉ ቤተሰብ ይበተን ነው የምትይው?»

«እኔ ምንም አላልኩህም። በማር አስሬ የሰጠሁህን እህት በየትኛው ጣትህ እንደፈታሃት ብቻ ጠየቅኩህ።» አልጠየቀችውም ነበር፣ ግን አሁን ጠየቀችው። መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች።

አገርነሽ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካከለች። ናደው ከጮኸችበት ይቅርታ ሊጠይቅ፣ ካለቀሰች ሊያባብላት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለዝምታዋ አልተዘጋጀም። «ካልፈለግሽ አትምጪ፣» አላት። «እቤት ተቀመጪ፣ እኔ አኖርሻለሁ።»

«የትም ብሄድ በሩ የሚለኝን ይላል፣» አለች። «ደግሞ ብቀር መሣሪያው የት ሄደ ይሉሃል።»

ሰኞ ጠዋት መኪናው ባናውን ጭኖ ወጣ። ዘርጋው ከሽመና ጉድጓዱ ሆኖ ፎከረ፣ ሴቶቹም እልል አሉ፣ ናደውን ሁሉም መረቁት። አገርነሽ የጸጉሩ ጆንያና ማገዶው በሚገባበት በዕቃ በር ገባች። በሩ ምንም አልጠየቃትም። ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ጸጉሩን በክንዷ ጠቅልላ እንዝርቷን አሾረች። ድሩ እንደ ወትሮው ቀጭንና ግትር ሆኖ ወጣ።

ናደው ሰዎቹ ወደ ሥራቸው እስኪመለሱ ጠብቆ ወደ እሷ ሄደ። መንገዱን ሁሉ የሚለውን ሲያዘጋጅ ነበር፣ ሲደርስ ግን ሁሉም ጠፋበት።

«እንዴት አደርሽ አገሬ?» አላት።

እንዝርቷን ወደ ጎን አስቀምጣ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ለሱ ተነስታ አታውቅም። እጆቿን ከፊቷ አጣመረች፣ አንገቷን ደፋች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

ናደው ቀልድ እንዲሆን ፈለገ። ፊቷን አየው፣ ቀልድ የለበትም። «ምነው አገርነሽ፣» አለ። «አንተ በይኝ እንጂ።»

«ዕቃ ባለቤቱን አንተ አይልም፣ ጌታዬ።»

ሸማኔዎቹ መወርወሪያቸውን ይዘው እያዩት ነበር፣ ሁሉም ሰምተዋል። ናደው ትቀመጥ ይሆናል ብሎ ጠበቀ፣ እሷ ግን እንዳጎነበሰች ቆመች። ሄዶ ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ አልተቀመጠችም።